ያደረ አይቆጠርም

ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው አውቶቡስ አጣቢዋ ናት። መጀመሪያ የፈረደበት ግን ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ኢንስፔክተሩ ጋራዡ ጋ ሲደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ፣ ይግባኙም ውድቅ ተደርጎ ነበር የጠበቀው።

«ጠጥቶ ነው» አለ ዘበኛው በሩን እየከፈተ። ማንም አልጠየቀውም።

ግቢው ጠባብ ነው። አውቶቡሶቹ ሁሉ ለሥራ ወጥተው እንኳ፣ የፖሊስ መኪናዋ በግንቡና በውሃ ማጠራቀሚያው መሀል ወደ ኋላ ካልገባች መቆሚያ የላትም። ቦቲ ጫማ ያደረገችው አጣቢ ከኋላ ዞራ ቦዲውን በመዳፏ ሁለቴ መታችው። መሪ የያዘችው ሳጅን ወዲያው ፍሬን ረገጠች።

«ምነው ቆምሽ እህቴ? ሁለቴ እኮ ነው የመታሁት» አለች አጣቢዋ። «አንዴ ቁም ነው፣ ሁለቴ ና ነው። እዚህ ግቢ ሁሉም በመዳፍ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው። ስፖኪዮ ፀጉር ለማበጠሪያ ነው።»

ሟቹ ላቫጆው ጥግ፣ የእጥበት ውሃ የሚወርድበት ቦይ አጠገብ በጎናቸው ተኝተዋል። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ረጅም የላስቲክ ካፖርት የለበሱ ሰው ናቸው። ደም የለም። ኢንስፔክተሩ ተንበርክኮ ደረታቸውን ሲነካው ግን እጁን መለስ አደረገ። ከፊትም ከኋላም ተሰብሯል። በካፖርቱ የታችኛው ኪስ ግማሹ የተጠጣ ጠርሙስ አረቄ ነበር፣ አንድም ቦታ ሳይነቃ። ደረት እንዲህ ደቅቆ ጠርሙስ ደህና ሲሆን ሰው በፈጣሪ አሠራር ላይ ጥያቄ ይነሳበታል።

«ከመወጣጫው ወድቆ ነው ይላሉ» አለች ሳጅኗ።

ኢንስፔክተሩ የእጥበት መወጣጫውን አየው። ከጉልበቱ አይበልጥም።

«ከዚህ የወደቀ ሰው ይሳደብ ይሆናል እንጂ አይሞትም። እኚህ ሰውዬ በሁለት ነገር መሀል ተጨፍልቀዋል። አንዱ ይሄ ግንብ ነው። ሌላው ተሳፋሪ ጭኖ ሄዷል።»

ከሸሚዛቸው የደረት ኪስ ደግሞ ጣት የምታክል ነጭ የፕላስቲክ ቀሰም ወጣች። መዳፋቸው ላይ የሳሙና አረፋ ደርቋል።

«ማን ይባላሉ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ጋሽ ሶዳ ነው የምንላቸው» አለች አጣቢዋ። «ድሮ ሹፌር ነበሩ፤ አሁን አብረን እናጥባለን። መጠጥ ከተዉ ወዲህ ሰርግም ላይ፣ ለቅሶም ላይ ሶዳ ነው የሚይዙት። ሁሌም ከኔ ቀድመው ይገባሉ።»

«ዛሬ ጠጥተው ነበር?»

አጣቢዋ ጠርሙሱን አየችው። «ጠርሙስ አይቻለሁ። ሲጠጡ አላየሁም።»

ኢንስፔክተሩ እንዲህ ያለ ምስክር ካጋጠመው ሰነባብቷል።

የስምሪት ኃላፊው ክፍል እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። ኃላፊው ማሞቂያውን በእግሮቹ መሀል አድርጎ ተቀምጧል። ወደ ግቢው የሚያየው መስኮት በቆርቆሮ ተደፍኖ፣ እጅ የምታሾልክ ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። በቀዳዳዋ አንድ ጥቁር ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ካለ፣ ቁጥር ከሚያበራ መሣሪያ ጋር ተያይዟል።

«ይሄ ጋራዥ ንጹህ ነው ኢንስፔክተር» አለ ኃላፊው መሣሪያውን እንደ ልጁ እየደባበሰ። «ማለዳ መጠጥ እንዳለበት ትንፋሹን ሳይለካ ቁልፍ የሚያገኝ ሹፌር የለም። ውጭ ይቆማል፤ አዲስ ቀሰም ቱቦው ላይ ይሰካል፤ ስሙን ይናገራል፤ ይነፋል። እኔ እዚህ ቁጥሩን አያለሁ። ዜሮ ካለ ቁልፉን በቀዳዳው አቀብለዋለሁ። ዛሬ ሁሉም ዜሮ ነበሩ። ትናንትም ዜሮ። እዚህ ዜሮ ብርቅ አይደለም።»

«መስኮቱን ምን ነካው?»

«ብርድ ያስገባል። ሳይነስ አለብኝ።»

«ጋሽ ሶዳም ይነፉ ነበር?»

«እሱ ለምን ይነፋል? መንጃ ፈቃዱን ከተቀማ ቆየ። የሚነዳው መጥረጊያ ነው።» ኃላፊው ሳቀ፤ ሬሳው ገና ውጭ እንዳለ ትዝ ሲለው አቆመ። «ልጁ ግን እኛ ጋ ይነዳል። ጨዋው እንለዋለን፤ ጸጥ ያለ ልጅ ነው። ገና አልሰማም። የሩቁ መስመር ላይ ነው፣ መሪ እንደያዘ እንዳይደነግጥ ብለን ተውነው።»

«ከጋሽ ሶዳ ጋር ቂም ያለው ሰውስ?»

ኃላፊው አላመነታም። «አራተኛ የምንለው፣ ያባረርነው ሹፌር። መሣሪያው ከመጣ የያዘው ሰው እሱን ብቻ ነው። ከበር ሲወጣ ‹ሽማግሌው አንድ ቀን ያገኛታል› እያለ ሲጮህ ያልሰማ የለም።»

የጋሽ ሶዳ ቤት ሁለት ክፍል ነው። መዝጊያው አጠገብ የተወለወለ የወንድ ጫማ ተቀምጧል። ባለቤታቸው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቶቹ ያለቅሳሉ፣ እሳቸው አያለቅሱም። በሩ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ የሳሙና ውሃ በኩባያ ይዛ፣ አረፋ እየነፋች ወደ ጠባቡ መንገድ ትለቃለች።

«እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ኪሱ ውስጥ ጠርሙስ ተገኘ ይላሉ። ጠጥቶ ነበር?» አሉ ሴትየዋ።

«ገና አልታወቀም።»

«አንተ ፖሊስ ነህ የኔ ልጅ፣ ታውቀዋለህ። እኔ ሌላ ጥያቄ የለኝም። ማን ገደለው አልልህም። ጠጥቶ ነበር ወይ ብቻ ንገረኝ።»

ሴትየዋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ቀጠሉ።

«አንድ ጠዋት ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። ማታ ጠጥቶ ገባ፤ ተኛ፤ ተነስቶ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ፤ ቡና ጠጣ። ሸተትከኝ ስለው ‹ያደረ አይቆጠርም› አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው፣ እኔም አምኜዋለሁ። መንገድ ሲያቋርጥ የነበረ የመጽሐፍ ነጋዴ ገጨ። ሰውየው ሁለት እግሩን አጣ። ያን ቀን እዚህ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ‹ከዛሬ ወዲህ ቢያንስ ንጹህ ሆኜ እሞትልሻለሁ› አለኝ። ቃሉን በልቶ ከሆነ እንባ የለኝም። ይቅበሩት፣ እኔ አልወጣም።»

«እሺ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሲወጣ ትንሿ ልጅ አንድ አረፋ አፍንጫው ላይ አፈነዳችበት። የምትነፋበትን ነገር አየው። ነጭ የፕላስቲክ ቀሰም ናት፣ ጣት የምታክል።

«ይቺን ማን ሰጠሽ?»

«አያቴ። ብዙ አለኝ፣ ላሳይህ?»

የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። እስከ አፉ በቀሰም ሞልቷል።

«የልጄ ልጅ ናት» አሉ ሴትየዋ ከውስጥ። «ከጋራዥ ሲመለስ አንድም ሁለትም ያመጣላታል።»

«ምናልባት ጠርገው ያገኙት ይሆናል» አለች ሳጅኗ መኪናው ውስጥ።

«ምናልባት» አለ ኢንስፔክተሩ። ‹ምናልባት›ን የሚወዳት ሌላ ነገር ሲጠፋ ብቻ ነው።

አራተኛን ያገኙት የመኪና ጎማ የሚለጥፍበት ቦታ ላይ ነው። ቅጽል ስሙ ከምላሱ ፍጥነት የመጣ ነው፤ ከአራተኛ ማርሽ በታች አውርቶ አያውቅም።

«ገባኝ፣ ገባኝ፣ ስለ ሽማግሌው ነው፣ ሰምቻለሁ፣ አልገደልኩም፣ ዝቻለሁ አዎ፣ የዛተ ሁሉ ቢገድል ኖሮ ሚስቴ ሦስቴ መበለት ነበረች።»

«ዛሬ ማለዳ የት ነበርክ?»

«ማስረጃ አለኝ፣ ጥሩ ማስረጃ፣ እምቢ የማይባል። እናንተ ጋ ነበርኩ።»

«እኛ ጋ?»

«ጣቢያ። ትናንት ከአንድ ዛፍ ጋር ተጣላሁና ፖሊስ ገላገለን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው የለቀቃችሁኝ፣ ቀበቶዬም አልተመለሰም።»

ሳጅኗ ወደ ጣቢያ ደወለች። እውነት ነበር፤ ቀበቶውም እዚያው አለ።

ኢንስፔክተሩ ለመሄድ ዞሮ ቆመ። «ጋሽ ሶዳ ምን አድርገውህ ነው?»

አራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ማርሽ ቀነሰ። «ምንም አላደረጉኝም። እሱ ነው ያናደደኝ። እምቢ አሉኝ። ኋላ ለሌላው ሁሉ እሺ ሲሉ፣ ለኔ እምቢ ብለው ነበር።»

«ምኑን ነው እምቢ ያሉህ?»

አራተኛ ጎማውን አገላበጠ። «ሰላምታውን» አለ በመጨረሻ። ሰላምታ ተነፍጎ ሥራውን ያጣ ሰው ኢንስፔክተሩ አይቶ አያውቅም። ከዚያ በላይ ግን ቃል አልወጣውም፤ አራተኛን ያህል ሰው ዝም ካሰኘ፣ ነገሩ የብዙ ሰው እንጀራ ነው።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡሶቹ አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። ኢንስፔክተሩ በር ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ጀርባ ይመለከታል። ሹፌሮቹ ጀርባቸው ሲታይ የማይወዱ ሰዎች ናቸው፤ በየስፖኪዮው ያጮልቃሉ።

የሩቁን መስመር አውቶቡስ ሲያይ እጁን አነሳ። የኋላ መስታወቱ ቡናማ አቧራ ለብሷል። በአቧራው መሀል ሁለት መዳፎች ይታያሉ። በሳሙና እጅ የተመታ ነገር ጠዋት ምንም አይታይበትም፤ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ግን ወፍሮ ይወጣል። አንደኛው መዳፍ ቀለል ያለ ነው። ሁለተኛው ጣቶቹ እስኪበለቀጡ ድረስ በኃይል ያረፈ ነው።

«የማን አውቶቡስ ነው?»

«የጨዋው» አለ ዘበኛው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የልጁ።»

ልጁ የለም። አውቶቡሱን አቁሞ ከመውረዱ ነግረውት፣ የት ላይ እንደወደቁ ጠይቆ፣ ቦታውን አይቶ፣ መንገድ ተሻግሮ ወደ መጠጥ ቤቱ ገብቷል። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ባዶ ብርጭቆ ይዞ አገኘው፤ ዙሪያውን ጓደኞቹ ያለቅሳሉ። ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው።

«አባቴ የነካው መስታወት ምን ይገርማል?» አለ፣ ስለ መዳፎቹ ሲጠየቅ። «በየቀኑ የሚያጥበው እሱ ነው።»

«ጠዋት አይተሃቸዋል?»

«አይቼዋለሁ። ደህና ዋል ብሎኛል።»

«ጠጥተሃል።»

«አሁን ነው የጠጣሁት። አባቴ ሞቶ ምን ልጠጣ፣ ውሃ? ጠዋት ነፍቻለሁ። ዜሮ ነበርኩ፤ ኃላፊውን ጠይቁት።»

ጓደኞቹ ሁሉ ‹ዜሮ ነበር› አሉ፣ እንደ መዘምራን። አሁን ሲጠጣም አይተውታል፤ አንድ ብርጭቆ ነው። በዚህ በኩል እንከን የለሽ ነው፦ ማለዳ መሣሪያው መስክሮለታል፣ ከሰዓት ሐዘኑ።

«ደምና ሽንት ብትሰጠን ቅር ይልሃል?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ለሥርዓቱ ነው።»

ልጁ እጅጌውን ጠቀለለ። ክርክር አልነበረውም፤ የደከመው ሰው ይመስል ነበር።

የአስከሬን መርማሪዋ ሐኪም ጓንቷን እያወለቀች ከጠረጴዛው ጥግ ብስኩቷን አነሳች። ኢንስፔክተሩ ይህን ማየት ስለማይወድ ጣሪያውን አየ።

«ከየትኛው ልጀምር? ከሞተው ወይስ ከቆመው?»

«ከሞተው።»

«ጠብታ የለም። ደሙ ውስጥ የለም። የሬሳ ደም አንዳንዴ ራሱ እየቦካ ስለሚያሳስት የዓይኑን ውሃ አየሁ፤ እሱ ቶሎ አይቦካም። እዚያም የለም። ጉበቱ የድሮ ጠባሳ አለው፤ አዲስ ነገር ግን አላየም። እኚህ ሰውዬ ከዓመታት ወዲህ መጠጥ የነካቸው በኪሳቸው በኩል ብቻ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ቀጥ ብለው የተቀመጡትን ሴት አሰበ። ተነስቶ ሊደውልላቸው እጁ ስልኩ ላይ ደረሰ። ከዚያ ግን ተወው። ጠርሙሱ የማን ነው ቢሉትስ?

«የቆመውስ?»

«ሁለት ጊዜ ነው የወሰድነው፣ መሀል ላይ ጥቂት አስቀምጠን። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል አይደል? ብቅል የደበቀውን ደግሞ ፊኛ ያወጣዋል። አሁን የጠጣ ሰው ደሙ ይቀድማል፤ ሽንቱ ወሬውን ገና አልሰማም። ከጠጣ ያደረ ሰው ግን ደሙ ሲቀል ሽንቱ ከባድ ሆኖ ይቆያል። ይሄ ልጅ ከዛሬው አንድ ብርጭቆ በታች የትናንት ባሕር አለው። ማለዳ መሪ ሲይዝ ሰክሮ ነበር።»

«ተኝቶ ቢነሳስ? ታጥቦ፣ ቡና ጠጥቶ?»

«ጉበት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው» አለች ሐኪሟ። «ወረፋ ጠብቆ አንድ አንድ ያሳልፋል። ብትጮህበት አይፈጥንም፣ ጉቦም አይቀበልም። ሻወሩ ያጸዳህ ቆዳህን ነው። ቡናው ደግሞ የነቃ ሰካራም ያደርግሃል። እስኪነጋጋ የጠጣ ሰው ሲነሳ ደህና የሚመስለው ከማታው ጋር ስለሚያወዳድር ነው። ይራመዳል፣ ይላጫል፣ ይቀልዳል። ድንገት ቁም ሲሉት ነው የሚታወቀው። ጆሮው ይሰማል፣ እግሩ ይዘገያል።»

«እኔ ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት…» ብሎ ጀመረ ኢንስፔክተሩ።

«አንተን አልጠየቅኩህም።»

ሳጅኗ ግራ ገብቷት ነበር። «መሣሪያው ግን ዜሮ ብሏል። ተበላሽቶ ነው?»

ኢንስፔክተሩ የማስረጃ ከረጢቷን ከኪሱ አወጣ። ነጯ ቀሰም ብቻዋን ተኝታለች። የብስኩት ቆርቆሮው ትዝ አለው፣ እስከ አፉ የሞላው፤ መንዳት ያልተፈቀደላቸው አንድ ሽማግሌ ቀን በቀን የሰበሰቡት።

«መሣሪያው አልዋሸም» አለ ቀስ ብሎ። «ደሙም አልዋሸም። ስለዚህ አፉ ነው የሌላ ሰው።»

ጋራዥ ሲመለሱ ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን ከውጭ ቀዳዳው ጋ አቆማትና ራሱ ከኃላፊው ጎን ተቀመጠ። ሳጅኗ ቀሰም ሰካች፤ ድምፅዋን አወፍራ የኃላፊውን የራሱን ስም ጠራችና ነፋች።

«ዜሮ» አለ ኃላፊው በልማድ፤ ቁልፉን በቀዳዳው አሾለከ። ከዚያ የማንን ስም እንደሰማ ገባው። ማሞቂያው እግሩ ሥር እየነደደ ፊቱ አመድ መሰለ።

ቆርቆሮው ሲነቀል ብርዱ ገባ።

ልጁ ላቫጆው ጋ፣ ግንቡን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ማንም አላሰረውም፤ የሚሄድበትም የለውም። ኢንስፔክተሩ አጠገቡ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀሰሟን በመሀላቸው አስቀመጣት።

«የማን ትንፋሽ ነው ዜሮ ያለው?»

ልጁ ቀሰሟን አነሳት።

«አባቴ መጀመሪያ ለማንም እሺ አይልም ነበር» አለ። «አራተኛ እግሩ ላይ ወድቆ ሲለምነው እንኳ እምቢ አለ። አራተኛ ተባረረ፤ ቤት ኪራይ አጥቶ ልጆቹን እቃ ላይ አስቀምጦ በጋሪ ሲያሳልፋቸው አባቴ በር ላይ ቆሞ አየ። ከዚያ ወዲህ እምቢ ማለት አቃተው። ግን ያሸታቸዋል። አፍህን አምጣ ይላል። የከፋውን ‹ሂድ ተኛ፣ ታመምኩ በል› ይለዋል። ለቀለለው ይነፋለታል። ጋራዡ በሙሉ በሱ ሳንባ ነበር የሚሠራው።»

«ዛሬስ?»

«ማታ ጓደኛዬ ሹመት አገኘና እስኪነጋጋ ጠጣን። ትንሽ ተኛሁ። ታጠብኩ። ደህና ነበርኩ፤ ጫማዬን ራሴ አስሬያለሁ። ቅርንፉድ አኘክሁ፣ እንዳያሸተኝ። አፌን አሸተተው። ‹ደህና ነህ አባቴ?› አለኝ። እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። ‹ያደረ ነው፣ ቀላል ነው› አልኩት። ነፋልኝ። ቁልፉን ሰጠኝ።»

«ጠርሙሱ?»

«ከማታው የተረፈኝ ነው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሞተር አስነስቼ ገብቻለሁ፤ እሱ ቦርሳዬን ሊያቀብለኝ ሲያነሳው ተንኳኳ። ከፍቶ ሲያየው በስፖኪዮ አየሁት። ፊቱን አየሁት። ቦርሳውን በሩ ውስጥ ወረወረልኝ፣ ጠርሙሱን ኪሱ ከቶ ወደ ኋላ ዞረ። እኔ ደግሞ የኋላ ማርሽ አስገብቼ ነበር።»

ልጁ መዳፉን ከፍቶ ተመለከተው።

«መኪና የተማርኩት በሱ እጅ ነው። ከኋላዬ ቆሞ ይመታልኛል። አንዴ ቁም፣ ሁለቴ ና። አባቴ ከኋላ እያለ ስፖኪዮ አይቼ አላውቅም። ዛሬም አንዴ መታ። ሰማሁት፣ ኢንስፔክተር። ቁም ማለቱ እንደሆነም ገባኝ። እግሬ ግን ዘገየ። ፍሬኑን ልረግጥ ስል፣ አውቶቡሱ አልቆም ሲለው፣ አሁንም አንዴ መታ። በኃይል። እሱ አንዴና አንዴ ነው የመታው። እኔ ጋ ሁለት ሆኖ ደረሰ። ና ያለኝ መሰለኝ። ነዳጅ ሰጠሁ።»

ውሃው በቦዩ ውስጥ ይወርዳል።

«ግንቡን የነካሁ ነው የመሰለኝ። ማርሽ ቀይሬ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳጓጉዝ ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ ስትወርድ አመሰገነችኝ።»

«መጠጥ ቤት የገባኸው ለመሸፈን ነው?»

«እሱን እንኳ ባውቀው» አለ ልጁ። ኢንስፔክተሩ አመነው።

ሴትየዋ እዚያው ወንበር ላይ፣ እንደዚያው ቀጥ ብለው ነበሩ። ኢንስፔክተሩ ጎረቤቶቹ እስኪወጡ ጠበቀ።

«አልጠጡም እናቴ። ጠብታ አልነካቸውም። ቃላቸውን ጠብቀው ነው የሞቱት።»

«ተመስገን» አሉ ሴትየዋ። ትከሻቸው ጥቂት ወረደ። ዓይናቸው ግን ደረቅ ነው። ኢንስፔክተሩ ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቀ፤ ሲመጣ ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «ታዲያ ጠርሙሱ የማን ነው?»

ነገራቸው። ቀዳዳውን፣ ትንፋሹን፣ ቦርሳውን፣ መዳፉን፤ ሁለቱ አንዴዎች እንዴት አንድ ሁለቴ እንደሆኑ። የባልን ስም እየመለሰ ልጅን እየወሰደ መሆኑን ያውቃል፤ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን የሚተውበት መንገድ ፈልጎ አላገኘም።

ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ጠዋት ቅርንፉድ ሲያኝክ አይቼዋለሁ» አሉ። «ጥርሴን ነው አለኝ። ከሥሩ ሸቶኛል። ሰላሳ ዓመት ያሸተትኩት ሽታ ነው፣ አይጠፋኝም። ያደረ ነው ብዬ ቁርሱን አቀረብኩለት።»

ለልጃቸው ብርድ ልብስ እንዲያደርስላቸው ኢንስፔክተሩን ጠየቁት፤ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩን ይበርደዋል። እሺ አለ። ብርድ ልብሱን ብብቱ ሥር ይዞ ወጣ።

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ መዞር አትችልም፤ ወደ ኋላ መውጣት አለባት። ሳጅኗ ማርሽ አስገብታ መንቀሳቀስ ጀመረች። ሴትየዋ ሊሸኟቸው ይሁን ልጃቸው ጋ አብረው ሊሄዱ ሳይታወቅ በሩ ላይ ቆመዋል። ለትንሿ ልጅ ቤቱ ላይ የደረሰውን ገና አልነገሯትም፤ ኩባያዋን ይዛ፣ ነፋስ የወሰደባትን አንድ ትልቅ አረፋ እያሯሯጠች ከመኪናው ጀርባ ገባች።

ሴትየዋ እጃቸውን ዘርግተው ቦዲውን አንዴ መቱት።

መኪናዋ ቀጥ አለች።

ልጅቱ አረፋዋን ተከትላ አለፈች፤ ምንም እንዳልሆነ ወደ ማዶ ሮጠች። ሳጅኗ እግሯን ፍሬኑ ላይ እንደተከለች ቀረች። ኢንስፔክተሩ መስታወቱን ዝቅ አደረገ። የሴትየዋ መዳፍ አልተነሳም። እጃቸውን ያዩታል፣ የቆመውን መኪና ያዩታል።

«አንዴ» አሉ። «አንዴ በቂ ነበረ እኮ።»

ከዚያ ግንባራቸውን ቦዲው ላይ ደገፍ አድርገው፣ ቀኑን ሙሉ ያልመጣላቸውን አለቀሱ። ሳጅኗ ሞተሩን አጠፋች።